ሳይለመን የማይነሳው ዋልዝ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከባለቤቴ ጉልበት ልጀምር።

አስካለ ግራ ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ከሆነች ወዲህ ሐኪሟ ባገኛት ቁጥር "ተንቀሳቀሺ" ይላታል። ለእሱ መናገር ቀላል ነው፤ አውስትራሊያ፣ እኛ በምንኖርበት ፖይንት ኩክ ሰፈር ውስጥ ግን የት ተሂዶ ነው የሚንቀሳቀሱት? ቤቱ ሁሉ መንትያ ነው፤ ግድግዳው አንድ፣ ጣሪያው አንድ፣ የፖስታ ሣጥኑ ሳይቀር አንድ። በእግር ወጣ ብላችሁ ስትመለሱ የሰው በር በራሳችሁ ቁልፍ ስትታገሉ ትገኛላችሁ። እኔ ተገኝቻለሁ። ደግነቱ ባለቤቱ ጨዋ ሰው ነበር፤ በሩን ከውስጥ ከፍቶልኝ ሻይ አቀረበልኝ። ቀድሞ ፍሌሚንግተን ሰፈር ፎቅ ላይ ስንኖር እንኳ ይሻል ነበር፤ ሊፍት መጠበቅ ሲሰለቸን በደረጃው ስለምንወርድ ጉልበታችንም ሥራ አይፈታም ነበር።

ታዲያ ልጃችን ሄርሜላ አንድ ቀን ደወለችና "ቡክ አድርጌላችኋለሁ" አለች።

"ምኑን?"

"ዳንስ ክላስ። ኤቭሪ ሐሙስ፣ ከሰዓት። ኮሚኒቲ ሴንተሩ ጋ። ለሁለታችሁም።"

ሐሙስን የመረጠችው ሆን ብላ ነው። ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢሆን "ጾም ነው" ብዬ እንደማመልጥ አሳምራ ታውቃለች። አባቷን የምታውቅ ልጅ ማሳደግ መዘዙ ብዙ ነው።

ሄድን። አዳራሹ ውስጥ የሚበዙት ጸጉራቸው የነጣ፣ ጫማቸው የሚያበራ አውስትራሊያውያን ናቸው። አስተማሪዋ ጆይስ ትባላለች፤ ሰባን ያለፈች፣ ጀርባዋ እንደ ማገር ቀጥ ያለ ሴት። ገና ከመግባቴ ኬክ የሞላበት ትሪ ይዛ መጣችና "ኬክ?" አለችኝ። ኬኩ ክሬም አለው፣ እንጆሪ አለው፣ እኔ ደግሞ ምሳ አልበላሁም።

"ኖ ታንክ ዩ" አልኳት።

እናንተ ምን ማለቴ እንደሆነ ታውቃላችሁ። የመጀመሪያው "አይ" ሰላምታ ነው። ሁለተኛው "አይ" ጥሩ ቤተሰብ ያሳደገኝ ሰው ነኝ ማለት ነው። ሦስተኛው ላይ "እንግዲህ ለእናንተ ስል" እያሉ እጅ መዘርጋት ነው። ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው የሚባለውስ ለምን ይመስላችኋል? እኔም ፈገግ ብዬ "ኧረ በሞቴ"ዋን ጠበቅኩ። ጆይስ ግን "ኖ ዎሪስ!" ብላ ሄደች። በቃ ሄደች! ኬኩን ይዛ!

ትንሽ ቆይታ ተመልሳ መጣች። አሁን ገባት ብዬ ተመቻቸሁ። "ውድ ዩ ላይክ ቱ ዳንስ?" አለችኝ። አፌ ከእኔ ቀደመና "ኖ ታንክ ዩ" አለ። "ኖ ዎሪስ!" እሷም ሄደች፣ ዳንሱም ሄደ።

አስካለም የመጀመሪያው ቀን እንደዚሁ ነው የሆነችው። ኬቭን የሚባል ጡረታ የወጣ የቧንቧ ሠራተኛ፣ ሚስቱ የሞተችበት ለስላሳ ሰውዬ፣ ፊቷ ጎንበስ ብሎ ሲጠይቃት "ኖ" አለችው። እሱም አመስግኖ ዞረ። ወደ ቤት ስንመለስ መኪናው ውስጥ ስትንጨረጨር ነበር። "ሁለተኛ እንኳን አይሞክርም? ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው?" ሆኖም አስካለ ቶሎ የምትማር ሴት ናት። በሚቀጥለው ሐሙስ ኬቭን ገና ጉሮሮውን ሲጠርግ "የስ!" ብላ ተነሳች። እኔ የሻይ ውሃ ከሚፈላበት በርሜል አጠገብ ወንበር ይዤ፣ ኬክ ሲያልፍ እያየሁ፣ ሚስቴ ከቧንቧ ሠራተኛ ጋር ስትሽከረከር እያየሁ፣ ተርሙን፣ የትምህርቱን ወቅት ማለቴ ነው፣ አጋመስኩት ማለት ይቻላል።

ከዚያ ዋልዙ መጣ።

ጆይስ በተርሙ የመጨረሻ ሐሙስ የሰፈሩ ኦርኬስትራ መጥቶ አንድ ዋልዝ፣ ጥንዶች እየተሽከረከሩ የሚጨፍሩበትን ሙዚቃ፣ እንደሚጫወትልን ነገረችን። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ቪየና ላይ የተጻፈ ነው አለች። ስሙንም ነግራን ነበር፤ ምላሴ እምቢ ስላለ አልያዝኩትም። ከዚያ በቴፕ አሰማችን። እኔም ከበርሜሉ አጠገብ ሆኜ ሰማሁና ሳላስበው ጮክ ብዬ ሳቅኩ። ዋልዙ የእኛ ሰው ነው!

ልብ ብላችሁ ስሙኝ። እኛ ዋልዝ የምንለው ዱም-ቻ-ቻ ነው አይደል? ይህ ግን እንደዚያ አይጀምርም። መጀመሪያ ቫዮሊኖቹ ድምፃቸውን ቀንሰው ይንቀጠቀጣሉ፤ በር ላይ ቆሞ ጫማውን የሚያራግፍ እንግዳ አለ ትላላችሁ። አንድ ጥሩምባ ከሩቅ "ግቡ እንጂ" ይለዋል። ዋሽንቱ "አይ፣ ልሂድ፣ እግረ መንገዴን ነው" ይላል። ጥሩምባው ይለምናል። እንግዳው አንድ እግሩን ያስገባል፣ ሁለት ሦስት ዱም-ቻ-ቻ ይሞክራል፣ ደግሞ ያፍርና ያቆማል። ዝም ይባላል። እንደገና ይለመናል። ሰው ትዕግሥቱ ሊያልቅ ሲል ነው እንግዳው "እሺ፣ ለትንሽ ደቂቃ ብቻ" ብሎ የሚቀመጠው። ከተቀመጠ በኋላማ ማን ያስነሳዋል! አንዱን ዜማ ሳይጨርስ ሌላ ይጀምራል፤ አንዱ የሚያባብል፣ አንዱ ከበሮና ጸናጽል እያስመታ ጉራ የሚነዛ፣ አንዱ ደግሞ አንገቱን የሚደፋ። መጨረሻው ላይ "በሉ ደህና ሁኑ" ብሎ ይነሳል፣ በር ላይ ሲደርስ የረሳው ወሬ ትዝ ይለዋል፣ ተመልሶ የመጀመሪያውን ዜማ እንደ አዲስ ያወራል። እኛ ቤት ስንት ጊዜ እንዲህ ሆኗል! ያን ዋልዝ የጻፈው ሰው ይሉኝታ የሚያውቅ ሰው ነው አልኩ፤ እናቱን ባውቃት ደስ ይለኝ ነበር።

ይህንን ግኝቴን የዚያኑ ዕለት ለአስካለ ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች።

"ታዲያ አንተ ዋሽንቱ ነህ" አለችኝ።

"እንዴት?"

"ስንት ዓመት ሙሉ ጥሩምባው እኔ ነኛ! በማን ሰርግ ነው ሳልለምንህ የተነሳኸው? የሄርሜላ ምርቃት ላይ እጅህን ጎትቼ ነው። የጎረቤት ክርስትና ላይ በእናትህ ብዬ ነው። እኔን ግን አንድ ቀን ማን ለመነኝ?"

ይህን ለመረዳት እንዴት እንደተጋባን ማወቅ ያስፈልጋል። የተጋባነው ካርቱም በስደት ላይ ሳለን፣ በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው። ጓደኞቻችን ከበሮ ተውሰው መጥተው ነበር። ግን በዚያው ጠዋት የግድግዳ ጎረቤታችን እናት ሞተችና ከበሮው አልጋ ሥር ገባ። ሙሽራዋ አልጋ ላይ ተቀምጣ፣ ሰው በሹክሹክታ "እንኳን ደስ ያላችሁ" ብሏት፣ ድግሱ አለቀ። "ሌላ ቀን እንጨፍራለን" ተባባልን። ሌላ ቀን እስከ ዛሬ አልመጣም።

"የመጨረሻው ሐሙስ ዋልዙ ሲጀመር የምነሳው ቀድሞ መጥቶ ከሚያስነሳኝ ሰው ጋር ነው" አለች አስካለ፣ ቢላዋውን አንስታ። "ኬቭን ቢያንስ ይጠይቃል። አንተም ሰው ሲጠይቅህ እሺ ማለት ልመድ። እሺ ይበልጣል ከሺ።"

ሁለቱንም ለመማር ቆረጥኩ፤ ዳንሱንም፣ እሺ ማለቱንም። እንግዲህ ጥፋት የሚመጣው ሁልጊዜ ሰው ሲቆርጥ ነው።

ዳንሱን ቤት ውስጥ ብለማመድ አስካለ ታየኛለች። ስለዚህ ዕቃ ልግዛ እያልኩ ወጥቼ የሱፐርማርኬቱ መኪና ማቆሚያ ጥግ ላይ ከትሮሊ፣ ከዕቃ መግፊያው ጋሪ፣ ጋር መለማመድ ጀመርኩ። አንድ ጎማዋ የተበላሸ ትሮሊ አገኘሁ፤ ቀጥ ብላ አትሄድም፣ ወደ ግራ ብቻ ነው የምትዞረው። ለገበያ የማትሆን፣ ለዋልዝ ግን የተፈጠረች! መያዣዋን በሁለት እጄ ይዤ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ "ዱም-ቻ-ቻ" እያልኩ ከእሷ ጋር ስዞር ዋልኩ። አንድ ቀን ዓይኔን ስገልጥ እትዬ ዘነቡ፣ ከደብራችን እናቶች አንዷ፣ መኪናቸው ውስጥ ሆነው አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ያዩኛል። ሰላም ልላቸው እጄን ሳነሳ ትሮሊዋ አምልጣ ወደ እሳቸው ተንደረደረች። መኪናቸውን አስነስተው እንደዚያ ሲነዱ አይቻቸው አላውቅም።

ቤት ሳልደርስ የንስሐ አባቴ ደወሉ።

"ልጄ፣ ደህና ነህ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባ።"

"እንቅልፍ ይወስድሃል?"

"በደንብ ይወስደኛል።"

"የሚጠራህ ድምፅ አለ?"

"ኧረ የለም፣ አባ!"

"የዕቃ ጋሪ አቅፈህ ዓይንህን ጨፍነህ ትሽከረከራለህ አሉኝ። ጋሪውንም በሰው ላይ ትለቃለህ አሉኝ።"

"አባ፣ ልምምድ ነው። ዋልዝ ነው።"

ከዚያ በሚያጽናና ድምፅ፣ "አይዞህ ልጄ፣ እሱም በጠበል ይለቃል" አሉኝ።

የመጨረሻው ሐሙስ ደረሰ። አዳራሹ በሰው ሞልቷል፤ ኦርኬስትራው ሸሚዙን ቆልፎ ተቀምጧል። አስካለ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ፣ ለዚህ ቀን የገዛችውን ጫማ አድርጋ፣ ከአዳራሹ ወዲያ ማዶ ወንበር ይዛለች። እኔ ዛሬ "ኖ" የሚባል ቃል ከአፌ እንዳይወጣ ምዬ ነው የመጣሁት። ጆይስ ከበሩ ጀመረች።

"ኬክ?" "የስ!" "ስኮን?" "የስ!" "ክሬም ልጨምርበት?" "የስ!" "ዕቃ ማጠቡን ታግዘናለህ?" "የስ!" "እሑድ ከእኛ ጋር ባሕር ትገባለህ?" የአውስትራሊያ ክረምት ነው፣ ብርድ አጥንት ይሰብራል። "የስ!" አልኩ። እሺ ማለት ሲለመድ እንዴት ይጣፍጣል! ሰው ሁሉ ወዳጄ ሆነ፤ ሳህኔ ተራራ አከለ። በዚህ የእሺታ ስካር መሃል ኬቭን የቢራቢሮ ክራባቱን እያስተካከለ መጣና ትከሻዬን መታ አደረገ።

"ማይት፣ ወዳጄ፣ ዋልዙን ከሚስትህ ጋር ብጨፍር ትፈቅዳለህ?"

"የስ!" አልኩት።

ያልኩትን ነገር የሰማሁት እሱ አመስግኖኝ ከሄደ በኋላ ነው። ጆሮዬ እንደ ወላጆቼ ቤት ስልክ መስመሩ ዘግይቶ ነው የሚገባው። ለአንድ ወር ከትሮሊ ጋር የተለማመድኩትን ዋልዝ፣ ካርቱም አልጋ ሥር የቀረውን ሰርግ፣ በገዛ አፌ ለቧንቧ ሠራተኛ መረቅኩለት!

መሪው ዱላውን አነሳ። ቫዮሊኖቹ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ኬቭን ከወንበሩ ተነሳ።

እኔም ተነሳሁ፤ ሳህኑ ግን ጭኔ ላይ እንደነበር ረስቻለሁ። ስኮን የሚሉት ዳቦ ወደ ቀኝ፣ ኬኩ ወደ ግራ፣ ክሬሙ በሱሪዬ ላይ። ሰው አየኝ አላየኝ ሳልል አዳራሹን መሃል ለመሃል ሰንጥቄ ሮጥኩ። ኬቭን ረጋ ብሎ ነበር የሚራመደው፤ በእርጋታው ቀደምኩትና ትንፋሼ እየተቆራረጠ አስካለ ፊት ቆምኩ።

"ተነሺ፣ እንጨፍር።"

አስካለ ቀና ብላ አየችኝ። ሱሪዬን አየች። ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። "አይ፣ ይቅርብኝ" አለች። "ጉልበቴን አሞኛል።"

ጉልበቷን እንዳላመማት አውቃለሁ። የከንፈሯ ጫፍ ሳቅ ይዟል። ኬቭን ግን ደርሶ አጠገቤ ቆሟል፤ በሐዘኔታ ክንዴን ያዝ አደረገና "ሺ ሴድ ኖ፣ ማይት" አለኝ። ጆይስም ግርግሩን አይታ እየተጣደፈች መጣች። "ኤቭሪቲንግ ኦኬ፣ አስካለ ዳርሊንግ? እያስቸገረሽ ነው?"

"የስ" አለች አስካለ። ጆይስ ዓይኗን ስታፈጥብኝ ግን እጇን አነሳችና፣ "ዌይት፣ ጆይስ። ሂ ኢዝ ኖት ፊኒሽድ። ሂ ማስት አስክ አጌን" አለቻት።

ጆይስና ኬቭን ተያዩ። ኦርኬስትራው ውስጥ ጥሩምባው ለሁለተኛ ጊዜ ለመነ።

"አስኩዬ፣ በሞቴ" አልኩ። አዳራሹ ሙሉ ይሰማል፤ ይስማ። "በሄርሜላ ይዤሻለሁ።"

"ጫማዬ አዲስ ነው፤ ያንሸራትታል።"

ዋሽንቱ አፈረ፤ ሁለት ሦስት ዱም-ቻ-ቻ ሞክሮ ቆመ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያ ረጅም መግቢያ እኮ የተጻፈው ለልመና ነው! አንድ ሰው ሦስት ጊዜ በወጉ እንዲለመን የሚበቃ ጊዜ ለክቶ ነው ደራሲው የተወው። ለሦስተኛው ልመና የቀረችኝ አንዲት ጸጥታ ብቻ ናት። ጎንበስ አልኩ።

"አስካለ" አልኩ፣ "ያን ቀን ጎረቤት ሐዘን ላይ ነበር። ዛሬ ማንም አልሞተም። እባክሽ፣ ሙሽራዬ፣ ተነሺልኝ።"

ዓይኗ እንባ አቀረረ። "እንግዲህ ለአንተ ስል" አለችና እጇን ሰጠችኝ፤ በዚያው ቅጽበት ዋልዙ ተቀመጠ፣ ማለቴ ጀመረ።

እንዴት እንደጨፈርን ብትጠይቁኝ ጆይስ ካስተማረችው አንዱንም አላደረግንም። ጆይስ ስትቆጥር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እኩል ነው። ኦርኬስትራው ግን እንደዚያ አይጫወትም። አንዱን ባለ ወፍራም ድምፆቹ እነ ቼሎ ረገጥ ያደርጉታል፤ ሁለተኛው ሰዓቱ ሳይደርስ ቀደም ብሎ ይገባል፤ ሦስተኛው እየተዝናና ዘግይቶ ይመጣል። ልክ እንደ እኛ ቤት፤ እኔ እረግጣለሁ፣ አስካለ ትቀድማለች፣ ሄርሜላ ትዘገያለች። ደግሞም ቺክቺካ የለመደ ትከሻ ሦስት ሦስቱን ሲሰማ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ያቺ ቸኩላ የምትገባዋ ምት ላይ የአስካለ ትከሻ አንዴ ብቅ አለ። የእኔም መለሰለት። እግራችን ቪየና፣ ትከሻችን ጎጃም ሆነ! እኔ ደግሞ ትሮሊዋ ስላስተማረችኝ ወደ ግራ ብቻ ነው የምዞረው፤ አዳራሹ ሙሉ በቀኝ ሲሽከረከር እኛ ከፊት ለፊት ስንመጣ ሰው መንገድ ለቀቀልን። በስተመጨረሻ ተስፋ ቆርጠው ሁሉም ወደ ግራ ዞሩ።

ኬቭን? መጀመሪያ ብቻውን ቆሞ ነበር። ከዚያ ወደ ጆይስ ዞረና የሆነ ነገር አላት። ጆይስ ራሷን ነቀነቀች፤ ኖ። ኬቭን ሊሄድ አለና ወደ እኛ አየ፤ ተመለሰና እንደገና ጠየቃት። ጆይስ ሳቀች፣ ሰዓቷን አሳየችው፣ ትሪውን አሳየችው። ሦስተኛውን ሲጠይቃት ትሪውን ወንበር ላይ አስቀምጣ እጇን ሰጠችው። በኋላ ለአስካለ እንደነገረቻት ከዓመታት በፊት አንድ ጊዜ ጠይቋት "ኖ" ብላው፣ ከዚያ ወዲህ መቼ ደግሞ ይጠይቀኛል ስትል ነው የኖረችው።

ዋልዙ ድንገት ዱም! ብሎ ቆመ። አለቀ ብዬ አስካለን ለቀቅኳትና እጅ ነሳሁ፤ ሰው አጨበጨበ። አስካለማ እልልታውን አቀለጠችው። ለካ እንግዳው ገና በር ላይ ነው! ከቫዮሊኖቹ መሃል ያቺ የመጀመሪያዋ ዜማ፣ "ውይ፣ ደግሞ ሳልነግራችሁ" እያለች ቀስ ብላ ተመለሰች። እኛም ተመለስን። ሱሪዬ ላይ የነበረው ክሬም ግማሹ ሰማያዊው ቀሚስ ላይ ሄደ፤ ማንም ቅር አላለውም።

ወደ ቤት ስንመለስ ወተት ልንገዛ ሱፐርማርኬቱ ጋ ቆምን። ያቺ ጎማዋ የተበላሸ ትሮሊ ጥጓ ላይ ቆማለች።

"ይቺ ናት?" አለች አስካለ።

"እሷ ናት።"

ከላይ እስከ ታች አየቻት። "ቀጭን ናት" አለች።

"አንድ ጊዜ ብቻ እንዙር" አልኳት፣ ወተቱን መሬት ላይ አስቀምጬ። "እዚሁ።"

"አይ፣ በቃኝ። ሰው ያየናል።"

በዚህ ጊዜ የእትዬ ዘነቡ መኪና ቀስ ብሎ መጥቶ ከፊታችን ቆመ። እትዬ ዘነቡ አንዴ እኔን፣ አንዴ ትሮሊዋን፣ አንዴ አስካለን አዩና ስልካቸውን ከቦርሳቸው አወጡ። ሌላ ቀን ቢሆን ይሉኝታ ይገድለኝ ነበር። አሁን ግን ገና ሁለተኛው ልመና ላይ ነበርኩና ጎንበስ ብዬ ቀጠልኩ።